የጠዋቷ መለኪያ

ማጂ፣ ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ጌታሁን፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ተሻለው? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጭቃ ለብሶ መክረም ደህንነት ከተባለ። ከሚዛን ተነሥተን ማጂ የገባነው በሦስተኛው ቀን ነው። መኪናችን ሁለቴ ጭቃ ውጦት የአገሩ ሰው በገመድ እየጎተተ አወጣን። ስልክ የሚባል ነገር የለም። ክረምቱ ሲገባ ጠፋ ይላሉ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይመለሳል ይላሉ፤ እስከዚያ አገሩ ዱዳ ነው። “የዛሬ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ አያውቅም” ይሉ አልነበር? ይኸው ያስተማሯት ረድኤት እንደ ድሮ ሰው እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። የሚያመላልስልን ሕዝቅያስ ነው፣ የአይሱዙው ሾፌር። ወሬኛ ቢሆንም አደራ አይበላም።

ስለ ወለላ ለጠየቁኝ፣ መልሴ ያው ነው። አረቄ ቤቷ ይዘጋ። ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው አረቄ አውጥታ መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ግን ደንቡ ሲጸድቅ እሷም እጇን አውጥታለች። ዛሬ ለወለላ ከተላላን ነገ ለሌላዋ እንላላለን፣ ከነገ ወዲያ ዕድራችን የጠጪዎች ማኅበር ሆኖ ያርፈዋል። የዕድሩ ዳኛ እርስዎ ነዎት፤ ፊትዎን ያጥቁሩ።

አዲሶቹ አባላት “ይህን ጭካኔ ከየት አመጣችሁት?” እያሉ አስቸገሩኝ ላሉት ደግሞ እንዲህ ይበሏቸው። የጤና ትምህርት ባለሙያ ሆኜ ስድስት ዓመት ፖስተር ለጠፍኩ፣ በድምፅ ማጉያ ጮህኩ። ፖስተሩን ወስደው አረቄ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፉትና ከሥሩ ተቀምጠው ጠጡ። ሰዉ ጉበቱን አይፈራም፣ እስር አይፈራም። የሚፈራው ያለ ቀባሪ መቅረትን ነው። ለዚህ ነው እርስዎና እኔ አንቀጽ ሰባትን ዕድሩ ደንብ ውስጥ ያስገባነው። ጠጪ ያለበት ቤት ጠጪውን ካላስተወ፣ ከዚያ ቤት ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን አይተክልም፣ ሬሳ አያነሣም። ደንቡ ከጸደቀ ሦስት ወር ሳይሞላው አሥራ ዘጠኝ ሰው አቁሟል። ከላይ ያሉት “የሸኮ ሞዴል” ብለው ስም አወጡለትና “በይ ለማጂም አድርሺ” ብለው ላኩኝ። ጨካኝ ከሆንኩ ይሁን፣ አሥራ ዘጠኝ ሚስት ትመርቀኛለች።

“መጠጥ ስለማስተው የጀመርሽውን የአምስት ቀን ሥልጠና በሁለት ቀን ቆርጠሽ ሄድሽ” ያሉኝን ወቀሳ እቀበላለሁ። ግን ጥፋቱ የቡናው ነው። ኅዳር ላይ ቡናው ቀልቶ እየረገፈ ማን አዳራሽ ይቀመጣል? በሦስተኛው ቀን የቀራችሁት እርስዎና አንዲት ድመት ነበራችሁ። የተዘለለውን ስመለስ እጨርሰዋለሁ። የሥልጠናው መጽሐፍ አንድ ስለሆነ ይዤው መጥቻለሁ።

ስለ ወንድሜ አንድ ቃል አልጻፉልኝም። ዝም ያሉት እንዳላዝን ነው፣ ገብቶኛል። አባቴ ሲሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከትምህርቱ ወጥቶ የሰው ቡና እየለቀመ፣ በጀርባው ጆንያ እየተሸከመ ያሳደገኝ ፍሬአብ ነው። ለዚያ ነው መጠጡ የሚያናድደኝ። ባዳ ቢሆን ኖሮ በትዕግሥት አስተምረው ነበር።

ልጅዎ ረድኤት

—

ማጂ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ጌታሁን፣

ሰላምታዬ ስላጠረ ይቅር ይበሉኝ። ሕዝቅያስ ሞተር አስነሥቶ ደጅ ቆሟል፣ እኔም ተናድጃለሁ።

አይሆንም። አንዲትም መለኪያ አይሰጠው።

“ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የሌለ ጉንዳን ከክንዱ ላይ ያራግፋል” ብለው ጽፈውልኛል። ወለላ ደግሞ “ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ ልስጠውና በየሳምንቱ እያጎደልኩ ላውርደው፣ የከረመ ጠጪ በአንዴ አይቆረጥም” አለች። እርስዎም አንጀትዎ አልችል ብሎ መልሴ እስኪመጣ ፈቀዱላት። ጉድ ነው መቼም! አረቄ ሻጭ ስለ አረቄ መተው ስትመክር፣ የዕድር ዳኛ ሲሰማ። ሥጋ ለጅብ አደራ ይሰጣል?

ወንድሜን እኔ አውቀዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት በፋሲካ ማግሥት ሆዴን ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። እማዬ እያለቀሰች፣ እኔ ሐኪም ቤት ልወስደው ባጃጅ ፍለጋ ስሮጥ በጓሮ ሾልኮ ወጣ። ያገኘሁት ወለላ ቤት ነው። መለኪያው ባዶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰችውን ጠብታ በጣቱ እየጠረገ ይልሳል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ጣቱን ከአፉ አላወጣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው “ወንድም ጋሼ” ማለቱን ትቼ በስሙ የምጠራው። ያ ሰው ዛሬ ጉንዳን አየሁ ቢል አምናለሁ?

ሦስት ቀን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ሦስት ቀን ታገሡት። ሥሩ ሲነቀል ያማል፣ ሌላ አይደለም። ደግሞ የእኔን ነገርም ያስቡልኝ። እዚህ የማጂን ሽማግሌዎች ሰብስቤ ስለ አንቀጽ ሰባት ሳስተምር፣ የገዛ ወንድሟ በዕድር ፈቃድ ይጠጣል ከተባለ በምን ፊቴ እቆማለሁ? ከሰጣችሁት፣ ከዕድሩ መዝገብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የእኛ ቤት ይሁን። እማዬም ብትሆን ያለ ድንኳን ትቀበር።

ይህን ደብዳቤ ለራሱ ያንብቡለት። እኔ ያልኩት መሆኑን ከእርስዎ አፍ ይስማ።

ረድኤት

—

ሸኮ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ዓርብ ጠዋት ነው፣ የገብርኤል ዕለት። እንዳነበብኩት ጃንጥላዬን ይዤ ቀጥታ ወደ ቤታችሁ ሄድኩ። እናትሽ እትዬ አሰጋሽ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ፍሬአብን በረንዳው ላይ አገኘሁት፣ ወለላም ነበረች።

የተቆጣሽበትን ቦታ ዘልዬ ላነብለት አስቤ ነበር። እሱ ግን ዓይኔ መስመር ሲዘል አየና “ሁሉንም ያንብቡት” አለኝ። የጣቱንም ነገር፣ የፋሲካውንም፣ ሁሉንም አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና “እሷ ካለች ይሁን” አለ። ወለላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ስለዚህ እንዳልሽው ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ የጠዋቷ መለኪያ ቀርታለች። እኔ አርባ ዓመት ሒሳብና አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ መጽሐፉም አንቺ ጋ ነው። ልቤ ግን ሙሉ እንዳልሆነ ብደብቅሽ ውሸት ይሆናል። ስወጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሕዝቅያስ ነገ ከሚዛን ስለሚነሣ ይህን አሁኑኑ በሚኒባስ እልካለሁ። እናትሽ ሲመለሱ “ሳሙልኝ ወይ?” ማለታቸው ስለማይቀር፣ ስመውሻል።

ጌታሁን

—

ማጂ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ጌታሁንዬ፣

እንደምን አሉልኝ? የዛሬው ሰላምታዬ ረጅም ነው፣ ደስ ስላለኝ ነው። ለእማዬ፣ ለጎረቤቱ፣ ለዕድሩ ጸሐፊ ሳይቀር፣ ለወለላም ጭምር ሰላም ይበሉልኝ።

አለቀስሽ ወይ ብለው በሕዝቅያስ በኩል ላስጠየቁኝ፣ አዎ አለቀስኩ። “እሷ ካለች ይሁን” የምትለዋን መስመር ስንቴ እንዳነበብኳት አልነግርዎትም፣ ይስቁብኛል። ልጅ ሆኜ ጫማ ካልተገዛልኝ ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ ሳለቅስ፣ እማዬ “ከየት ይመጣል” ስትል፣ እሱ ያለው ይህንኑ ነበር። “እሷ ካለች ይሁን” ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ጫማው መጣ፤ ትከሻው ግን ጆንያ ልጦት ለብዙ ቀን ሸሚዝ መልበስ አቅቶት ነበር። ያ ሰው ጠፍቷል ብዬ ነበር። አልጠፋም፣ እዚያው ውስጡ ተደብቆ ኖሯል።

አሁን ሦስቱ ቀን ካለፈ ቆየ። እንዴት ሆነ? መንቀጥቀጡ ለቀቀው? ይበላል? ጥቅምት ላይ ስመለስ ጓሮ ያለችውን ቡና አብረን እንለቅማለን ይበሉት። ተሳድቤአለሁ፣ አውቃለሁ። ይቅርታውን በአካል እጠይቀዋለሁ፣ በወረቀት አልወድም።

ቶሎ ይጻፉልኝ።

ረድኤት

—

ሸኮ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰሞኑን እጄ ለጽሕፈት አልታዘዝ ብሎኛል፤ እርጅና ነው።

የጠየቅሽኝን በየተራው ልመልስ። እናትሽ ደህና ናቸው፣ ድምፃቸው ብቻ ትንሽ ሰልሏል። የክረምት ነገር ነው። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ዝናቡም አልከፋም።

የወለላ አረቄ ቤት ተዘግቷል። ማንም አላስዘጋትም። የማውጫ ጋኗን በገዛ እጇ ደጃፏ ላይ ከሰከሰችው። አሁን ከልጆቿ ጋር ቴፒ መንገድ ላይ ሙዝ ትሸጣለች።

ስለ ፍሬአብ፣ ደብዳቤሽ ከተነበበለት ሰዓት ጀምሮ አንዲት ጠብታ ከአፉ አልገባችም። ይህን በእግዚአብሔር ፊት እመሰክራለሁ። አሁን አይንቀጠቀጥም። ጸጥ ብሏል።

ይቅርታውን በወረቀት አልወድም ያልሽው ልክ ነሽ። በወረቀት የማይሆን ብዙ ነገር አለ። የእሱን ነገር ግን ለሪፖርትሽ አታድርጊው፣ ስሙንም በስብሰባ አታንሺው። ይህን አንድ ነገር እንደ አባት ለምኜሻለሁ።

ጌታሁን

—

ማጂ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ጌታሁን፣

እግዚአብሔር ይመስገን! ከዚህ ሌላ ሰላምታ የለኝም።

ልመናዎን ግን አፍርሻለሁ፣ ይማሩኝ። ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ቀድሜ ተናግሬ ነበር፣ ከደረሰኝ በኋላማ ጭራሽ ባሰብኝ። ስድሳ ሽማግሌ ፊት ቆሜ “ወንድሜ ነው፣ ስሙ ፍሬአብ ነው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ጠጥቷል፣ በአንድ ቀን ቆረጠ፣ ዛሬ እጁ አይንቀጠቀጥም” አልኳቸው። አንድ አዛውንት ተነሥተው “የእናትሽ ማኅፀን ይባረክ” ብለው መረቁኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ “ይቺ የከተማ ልጅ ሬሳችንን ልትከለክለን መጣች” እያሉ ያጉረመርሙብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአሥራ አንድ ቀበሌ ዕድሮች አንቀጽ ሰባትን እንቀበላለን ብለዋል። መስከረም 10 ቀን ይፈርማሉ።

አፍሮ ይሆናል፣ ለዚያ ነው ስሙን አታንሺ ያለው? ይበሉት፣ ከእንግዲህ የሚያፍርበት የለውም። ለፊርማው ቀን በገዛ እጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። “ቆርጫለሁ” ይበል፣ ስሙን ያስፍርበት፣ በቃኝ። ጽሕፈቱ እንደሆነ ከእኔ ያምራል።

ሕዝቅያስን ደግሞ ምን ነካው? ድሮ መኪናው ሳይቆም አፉ ይቀድም ነበር። አሁን ፖስታውን በእጄ አኑሮ ዓይኔን ሳያይ ይሄዳል። ከሚስቱ ተጣልቶ ይሆናል።

ረድኤት

—

ሸኮ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት፣

ደብዳቤሽ ከትናንት ወዲያ ቢደርሰኝም ትናንት ቤታችሁ ብዙ ሰው ስለነበር መልስ ለመጻፍ አልተቀመጥኩም።

የፍሬአብን የእጅ ጽሑፍ ልልክልሽ አልችልም። ለምን አትበይኝ።

ፊርማውን አቆዪው። ምክንያቴን ስጽፍ ስቀድ ነው ያመሸሁት፣ አንዱም አልጥም አለኝ። እስኪ አንዱን ብቻ ልጠይቅሽ። ኅዳር ላይ ቡናው ያስዘለለን የሦስት ቀን ትምህርት ምን ይል ነበር? በሦስተኛው ቀን አዳራሹ ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ መጽሐፉን ስትዘጊው አይቻለሁ። የዚያን ቀን “ለአንድ ሰውም ቢሆን አስተምሪ” ማለት ነበረብኝ፤ ቡናዬ አሳሰበኝና ዝም አልኩ። ያንን ገጽ ገልጠሽ አንብቢና ለማጂ ሰዎች የምትነግሪያቸው ከሆነ ከዚያ በኋላ ንገሪያቸው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኛ ሽማግሌዎች ወደ አንቺ የምንመጣበት ጉዳይ አለን። ሁለት ጊዜ ሚዛን ድረስ ወርደን መንገዱ ተቆርጧል ተብለን ተመልሰናል፤ ሕዝቅያስ እንኳ ጭነቱን አራግፎ በሰው ትከሻ እያሻገረ ነው የሚደርሰው፣ እኛ ጉልበት የለንም። በደብዳቤ የሚባል ስላልሆነ ነው የምንለፋው። ታገሽን።

ጌታሁን

—

ማጂ፣ መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ጌታሁን፣

የመርዶ ሽማግሌ አይላኩ። ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ገጹን የገለጥኩት እርስዎ ስላሉኝ አይደለም። ደብዳቤዎን ሳነብ “ጋሽ ጌታሁን ጃጁ” ብዬ ወደ ሻንጣ ጨምሬው ነበር። ባለፈው ሰኞ አጸደ የምትባል ሴት መጣች። ባሏ ሙሴ ጠጪ ነው። ከፊርማው ቀን በፊት ንጹሕ ሆኖ እንዲገኝላት ብላ በአንድ ቀን አስቆረጠችው። “እንደ ወንድምሽ” አለችኝ። ይንቀጠቀጣል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ከብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን ይለቅማል አለች። “መለኪያ ልስጠው ወይስ ልከልክለው?” ብላ ጠየቀችኝ። የሰው ባል ነውና ፈራሁ። ከአፌ መልስ መስጠት ፈራሁና መጽሐፉን ገለጥኩ።

አራተኛው ቀን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ አይቁም ይላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሌለ ነገር ማየት ከታየ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል፣ በሐኪም እጅ በመድኃኒት ይወረድ፣ ሐኪም እስኪደርስም ብቻውን አይተው ይላል። ፊደሉ ደማቅ ነው፣ ሣጥን ተሠርቶለታል። ሙሴን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስነው። ተርፏል፣ ሾርባ ይጠጣል።

ከዚያ ደብዳቤዎችዎን ከሻንጣ አወጣሁ። “አንዲት ጠብታ ከአፉ አልገባችም። ጸጥ ብሏል።” የእማዬ ድምፅ የሰለለው በምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ነሐሴ ሠላሳ ቤታችን ብዙ ሰው ነበር ብለው ጽፈዋል። አርባ ቀን ወደኋላ ቆጠርኩ። ሐምሌ ሃያ አንድ ላይ አረፈ። ደብዳቤዬ የተነበበለት ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሦስት ቀን ታገሡት ብዬ ነበር፣ ሦስተኛውን ቀን አልጨረሰም። ሦስት ቀን የምትለዋን ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም። መጽሐፉ ክፍሌ ውስጥ ከትራሴ አጠገብ ነበር። ለሰው ባል ገልጬ አየሁ፣ ለወንድሜ ከንዴቴ መለስኩ።

የማጂ ሽማግሌዎች አንቀጽ ሰባት ይቅር ስላቸው እንቢ አሉኝ። “ወንድምሽ በአንድ ቀን ቆርጦ የለም እንዴ? አንቺው ነሽ የነገርሽን” አሉ። ሞቷል አልኳቸው። እኔ ነኝ የገደልኩት አልኳቸው። ያ የመረቁኝ አዛውንት ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ፣ ስብሰባው ለቅሶ ሆነ። ደንቡ ቀርቷል። ለዚህ ለመድረስ በሬሳ ላይ መረማመድ ነበረብኝ።

አሁን የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። አይሸፍኑልኝ፣ አያባብሉኝ። በዚያ ዓርብ ጠዋት ደብዳቤዬን ሲያነቡለት ወንድም ጋሼ ምን ያደርግ ነበር?

ረድኤት

—

ሸኮ፣ መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ረድኤት፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል በወረቀት መጻፍ ነውር ነው ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ሸሽቼዋለሁ። መርዶ በአካል፣ በሽማግሌ፣ በጠዋት የሚነገረው ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ነው። ወጉን ጠበቅሁ ብዬ አንቺን ብቻሽን እንድትሰሚው አደረግሁ። ከሬሳው ቀጥሎ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ስድሳ ሰው ፊት ስሙን ስትጠሪም እያወቅሁ ዝም አልኩ።

እኔ ነኝ የገደልኩት ብለሻል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልልም፣ የእኔን ድርሻ ስሚ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጣለው፣ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያ ተመለሰ። ወለላ መለኪያ ይዛ እያለቀሰች መጣች። በር ላይ ቆሜ መለስኳት። “ይሙትልህ ታዲያ! አይሆንም ካልክ እንኳ ቴፒ ሐኪም ቤት እንውሰደው” አለችኝ። ደብዳቤሽ በኪሴ ነበር። አውጥቼ አሳየኋትና “ሦስት ቀን ታገሡት ይላል” አልኳት። ማንበብ አትችልም፤ ወረቀቱን አይታ መለኪያዋን እንደያዘች ተመለሰች። በዓይኔ ያየሁትን ትቼ ወረቀት ያመንኩ እኔ ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ እንደገና ጣለው፣ ያን ጊዜ አልተመለሰም። እናትሽ ራሱን በጭናቸው ይዘውት ነበር።

የቀረውንም ልንገርሽ፣ ከሌላ ከምትሰሚው። ማታውኑ የዕድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አንድ ሰው “አንቀጽ ሰባትስ?” አለ። ጸሐፊው ደንቡን ገልጦ አነበበ። ሟቹ በሞተበት ቀን የማይጠጣ ስለነበረ ድንኳኑ ይተከል ተባለ። ወንድምሽን ያነሣነው በደንቡ መሠረት ነው። ያቆሙ ሰዎች መዝገብ ላይም ሃያኛ ሆኖ ተጽፏል። እኔ በማግሥቱ ዳኝነቱን አስረክቤአለሁ፣ አንቀጹንም ሰርዘነዋል። ጸሐፊው ሃያኛውን ስም ግን መሰረዝ አልቻለም፤ “ምን ብዬ ልሰርዘው፣ ውሸት አይደለም” አለኝ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ስደርስ መለኪያዋ በእጁ ነበረች። ወለላ ገና መቅዳቷ ነው፣ ከንፈሩን አላስነካም። የጠዋት እጁን ታውቂዋለሽ፤ በሁለት እጁ ይዞም ይንቀጠቀጥ ነበር። ደብዳቤ መጣ ስለው መለኪያውን እንደያዘ “ምን አለች?” አለኝ። እስከ መጨረሻው ሲሰማ አልጠጣም፣ አላስቀመጠም። ስጨርስ “እሷ ካለች ይሁን” ብሎ ለወለላ ዘረጋላት። ሲዘረጋ ግማሹ በጣቶቹ ላይ ፈሰሰ። ጣቶቹን አያቸው፣ እኔንም አየኝ። ከዚያ በሱሪው ጠረጋቸው።

“አልላስኩም፤ ይህን ይጻፉላት” አለኝ።

የዚያን ቀን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ሚኒባሱ ሊሄድ ነው ብዬ ስቸኩል፣ ያችን ሳልጽፍልሽ ቀረሁ።

ጌታሁን